ሕንጻና ዕዳ፤ የሄፕተንስቶል ጸሎት ቤት ታሪክ የሚያስነሣው ጥያቄ

ቤተ ክርስቲያን የምንላት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ ጣራ የለበሰው ሕንጻ ናት ወይስ በሕንጻው ውስጥ የሚሰበሰበው የምእመናን ጉባኤ ናት የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደሱን ሠርቶ በፈጸመ ጊዜ፥ ሰማየ ሰማያት የማይወስነው አምላክ በሰው እጅ በተሠራ ቤት እንዴት ሊያድር እንደሚችል በጸሎቱ መካከል ተደንቆ ጠይቋል፤ ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስም በሸንጎ ፊት ቆሞ ይህንኑ ነገር ለከሳሾቹ ካሳሰበ በኋላ በድንጋይ ተወግሮ ሞቷል። ይሁን እንጂ ሰሎሞን ስለ ጠየቀ ቤቱን አላፈረሰም፤ የእስጢፋኖስን እምነት የወረሱት ክርስቲያኖችም የስደቱ ዘመን አልፎ ሰላም ባገኙ ጊዜ በየአገሩ አብያተ ክርስቲያናትን ከማነጽ አልተቈጠቡም። አምላኩ ረቂቅ መሆኑን እያወቀ ግዙፍ ቤት ሳይሠራለት የማያርፈው የሰው ልጅ፥ በዚህ ሥራው ከገዛ እምነቱ ጋር ይቃረናልን፥ ወይስ ራሱ በውል ያልተረዳውን አንድ እውነት በእጁ ሥራ ይመሰክራል?

ይህን ጥያቄ በታላላቅ ካቴድራሎች ፊት ቆሞ መመርመር አስቸጋሪ ነው፤ የነገሥታቱ ሀብትና የአናጺዎቹ ጥበብ ዓይንን ስለሚማርክ፥ ሕንጻውን ያቆመው ሃይማኖት ይሁን የክብር ምኞት ለይቶ ማወቅ አይቻልምና። በትንሽ መንደር ግን ድንጋዩን ማን እንደ ተሸከመ፥ ገንዘቡን ማን እንዳዋጣ፥ ማንስ አኩርፎ እንደ ወጣ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ መሠረት እንዲሆን የመረጥሁት በሰሜን እንግሊዝ አገር፥ በዮርክሻየር ምዕራብ፥ ከካልደር ሸለቆ በላይ በኮረብታ ራስ ላይ በተቀመጠችው በሄፕተንስቶል መንደር የሚገኘውን የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዓመት የሄፕተንስቶል ሕዝብ ኑሮ በበግ ጠጉር ላይ የተመሠረተ ነበር። ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ በየቤታቸው በቆመው የሽመና ዕቃ ይሸምናሉ፤ የተሸመነውም ጨርቅ ወደ ሃሊፋክስ ገበያ ይወርዳል። ሸማኔው የሚሠራበት ክፍል ብርሃን እንዲያገኝ ተብሎ ረድፍ ረድፍ መስኮት የወጣላቸው የድንጋይ ቤቶች እስከ ዛሬ ድረስ በአካባቢው ይታያሉ። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ያ ሁሉ ብርሃን እንጀራ አይሆንም። በ1760ዎቹ ዓመታት በእነዚሁ ኮረብታዎች የወርቁን ገንዘብ ጠርዝ እየከረከሙ ከክርክሚቱ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ማኅበር ተነሥቶ መንግሥትን እስከ ማስጨነቅ የደረሰ ሲሆን፥ አለቃቸው ዴቪድ ሃርትሊ በ1770 በዮርክ ከተማ በስቅላት ተቀጥቶ ሬሳው በሄፕተንስቶል መካነ መቃብር ዐረፈ። መንደሪቱ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቅዱስ ቶማስ ቤኬት ስም የተሠራች አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ነበረቻት፤ ነገር ግን በስፋቱ ከእንግሊዝ አገር ታላላቅ አጥቢያዎች በሚቈጠረው በሃሊፋክስ አጥቢያ ሥር ስለ ነበረች፥ በየተራራው ጥግ ተበታትኖ የሚኖረውን ሸማኔ ካህን ቤት ለቤት ሊደርስለት አይችልም ነበር። የሜቶዲስቶቹ ጸሎት ቤትና የሐሰተኛው ገንዘብ ማኅበር የአንድ ዘመንና የአንድ ችግር ልጆች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል፤ በአንድ ኮረብታ ላይ አንዱ ድኻ ሌላውን ድኻ በወንጀል ምሥጢር ሲያስር፥ ሌላው ደግሞ በጸሎትና በመዋጮ ያስረው ነበርና።

የሜቶዲስቶች መምህር ጆን ዌስሊ በ1703 በኤፕወርዝ ከተማ ከካህን አባት ተወልዶ፥ በኦክስፎርድ ተምሮ፥ እርሱም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የሆነ ሰው ነው። በ1738 በለንደን ልቡን ያሞቀውን የእምነት መነቃቃት ካገኘ በኋላ ሰው በእምነት ብቻ እንደሚጸድቅ በብርቱ ቅንዓት መስበክ ስለ ጀመረ፥ ብዙ ካህናት ዐውደ ምሕረታቸውን ከለከሉት፤ እርሱም በ1739 በብሪስቶል አጠገብ፥ ቀድሞ ነውር አድርጎ ይቈጥረው የነበረውን ነገር አድርጎ፥ በሜዳ ላይ ለድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎችና ለሠራተኞች ሰበከ። ሕንጻ የተከለከለው ሰባኪ ሕዝብ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፥ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ እንጂ ሕንጻው አይደለም ብለን ክርክሩን በቀላሉ በዘጋነው ነበር። ነገር ግን ዌስሊ በዚያው ዓመት፥ ከሜዳው ስብከት ብዙ ሳይቈይ፥ በብሪስቶል አንድ ቤት ማሠራት ጀመረ፤ ቤቱም ዕዳ ይዞ መጣ።

የዚህ ዕዳ ታሪክ ለጥያቄያችን መልስ የሚቀርብ ስለ ሆነ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። በየካቲት 1742 የብሪስቶል ማኅበርተኞች ስለ ቤቱ ዕዳ አከፋፈል ለመመካከር በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ካፒቴን ፎይ የሚባል ሰው ተነሥቶ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲከፍል ሐሳብ አቀረበ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ይህችኑ አንድ ፔኒ እንኳ የሌላቸው ድኾች ናቸው የሚል ተቃውሞ ሲነሣ፥ ሰውዬው ከድኾቹ ሁሉ የባሱትን ዐሥራ አንድ ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፥ በየሳምንቱ እየዞርሁ እጠይቃቸዋለሁ፥ መክፈል ላልቻለው እኔ እከፍልለታለሁ በማለት መለሰ። ሌሎችም የእርሱን አርአያ ተከትለው እያንዳንዳቸው ዐሥራ አንድ ሰው ተረከቡ። ገንዘቡን ለመሰብሰብ ቤት ለቤት መዞር በጀመሩ ጊዜ ግን ፔኒ ፍለጋ የገቡበት ቤት ሌላ ነገር አሳያቸው፤ አንዱ ታሞ ተኝቷል፥ ሌላው ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል፥ ሌላው ወደ ቀድሞ ስካሩ ተመልሷል። ዌስሊ ይህን በሰማ ጊዜ ብዙ ዘመን ሲመኘው የነበረው የነፍስ ጥበቃ ሥርዓት ሳያስበው በእጁ እንደ ገባ ተረዳ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ያህል ሰዎች በአንድ መሪ ሥር በየሳምንቱ ተሰብስበው የነፍሳቸውን ሁኔታ የሚነጋገሩበት የክፍል ጉባኤ በየአገሩ ተመሠረተ፤ ለመሪነቱም ሥልጣነ ክህነት አያስፈልግም ነበርና ሸማኔው ለሸማኔ፥ ሴቲቱም ለሴት ጠባቂ ለመሆን በቁ።

እንግዲህ ሕንጻው ዕዳን ወለደ፤ ዕዳው መዞርን ወለደ፤ መዞሩም መተዋወቅን፥ መተዋወቁም ማኅበርን ወለደ። ዌስሊ በሜዳ ስብከት ብቻ ጸንቶ ቢቀር ኖሮ ብዙ ሺህ ሰሚዎች ባገኘ ነበር፤ ነገር ግን ሰሚው ስብከቱ ሲያበቃ ወደየቤቱ ይበተናል እንጂ ስለ ጎረቤቱ ነፍስ የሚጠየቅበት ምክንያት አይኖረውም። ሕንጻውን ያለ ዕዳ አንድ ባለጸጋ ሠርቶ ቢሰጣቸውም ኖሮ ቤቱ በተዋበ፥ የክፍሉ ጉባኤ ግን ባልተወለደ ነበር። ስለዚህ ድንጋዩ ይበልጣል ወይስ ጉባኤው ይበልጣል ብለው የሚከራከሩት ሁለቱ ወገኖች ሦስተኛውን ነገር ዘንግተዋል ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም፤ ሦስተኛውም ሰዎች በአንድ ነገር ምክንያት እርስ በርሳቸው ባለ ዕዳ የመሆናቸው ነገር ነው።

ወደ ሄፕተንስቶል እንመለስ። ወደዚህ ኮረብታ የሜቶዲስቶችን ስብከት አስቀድሞ ካመጡት ሰዎች አንዱ ዊልያም ዳርኒ የተባለ ስኮትላንዳዊ፥ በትከሻው ዕቃ ተሸክሞ የሚቸረችር፥ ከትምህርት ይልቅ ጉልበት የነበረው ሰባኪ ነው፤ በየመንደሩ የመሠረታቸውም ትንንሽ ማኅበሮች በስሙ ይጠሩ ነበር። በአቅራቢያው ባለችው በሃወርዝ የነበረው ቄስ ዊልያም ግሪምሾ፥ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሆኖ ሳለ እነዚህን ማኅበሮች እንደ ልጆቹ ተቀብሎ ሲጠብቃቸው ኖረ፤ በ1763ም በተስቦ የታመመ ምእመን ሲጠይቅ በሽታው ተላልፎበት ሞተ። ጆን ዌስሊ ራሱ በ1747 ወደ መንደሪቱ መጥቶ ሰብኳል። ማኅበሩ የራሱን ቤት ለመሥራት የቈረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን፥ በ1764 ግድግዳው ቆሞ ሥራው ገና ባልተፈጸመበት ጊዜ ዌስሊ በውስጡ ገብቶ ቃለ እግዚአብሔርን አሰማ።

ቤቱ የተሠራው በስምንት ማዕዘን ነው። ዌስሊ በ1757 በኖርዊች ከተማ የሌላ ማኅበር የሆነ ስምንት ማዕዘን ጸሎት ቤት አይቶ እጅግ አድንቆት ነበርና፥ ከዚያ በኋላ ማኅበሮቹ በዚያ ቅርጽ እንዲሠሩ ይመክር ነበር፤ ምክንያቱም የሰባኪው ድምፅ በእንደዚህ ያለው ቤት ወደ ሁሉም ማዕዘን እኩል ስለሚደርስ ነው። በመንደሪቱ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሰው ዓይን በምሥራቅ ወዳለው መንበር ይሳብ ነበር፤ ዓምዶቹም ከኋላ የቆመውን ሰው ይጋርዱት ነበር። በስምንት ማዕዘኑ ቤት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የታሰበለት ጆሮ ነው፤ ሰሚዎቹም ሰባኪውን ብቻ ሳይሆን የእርስ በርሳቸውን ፊት ጭምር እያዩ ይቀመጣሉ። ቅርጹ በአሠራር በኩል ችግር አላጣም፤ እንዲህ ያለውን ጣራ ማዋቀር የሚችል አናጢ በአካባቢው ስለ ታጣ፥ እንዲህ ያለ ቤት ቀድማ ከሠራችው ከሮዘርሃም ከተማ እንጨቱ ተጠርቦና ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ እንደ ገና ተፈታቶ በጭነት ፈረሶች ተራራውን ወጣ።

ቤቱ የማን ነው? ዌስሊ ለዚህ ጥያቄ በ1763 በወጣ የውል ሥርዓት መልስ አዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ውል መሠረት ጸሎት ቤቱን በስማቸው የሚይዙት የመንደሩ ሰዎች ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደሉም፤ ለልጆቻቸው ሊያወርሱት፥ ወይም በሰባኪዎች ጉባኤ የተላከውን ሰባኪ አንወደውም ብለው በሩን ሊዘጉበት አይችሉም። በገዛ ላባቸው የሠሩት ሰዎች በሠሩት ቤት ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይኖራቸው መደረጉ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ብዙ ጠብም አስነሥቷል። በሐሳቡ ግን ጥልቅነት አለው፤ ቤቱን የሠራው ትውልድ ቤቱን ላልተወለደው ትውልድ ይዞ የሚያቆይ ባለ ዕዳ ሆኗልና። ከዚህም በላይ ይህ ቤት ለብዙ ዘመን ቅዱስ ቁርባን የማይፈተትበት ቤት ነበር። ዌስሊ እስከ ሞተበት እስከ 1791 ድረስ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ስላልተለየ፥ ሜቶዲስቶቹ በጸሎት ቤታቸው ስብከት ሰምተው ለምሥጢራት ወደ አጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር፤ ቍርባኑን በጸሎት ቤት ለመቀበል የሚቻልበት መንገድ የተከፈተው በ1795 ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ማለት ምሥጢራት የሚፈጸሙባት ናት የሚል ሊቅ ቢኖር፥ ስምንት ማዕዘኑ ቤት ለሠላሳ ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን አልነበረም ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ዌስሊም ቢሆን ይህን አባባል የሚክድ አይመስልም። እኔ ግን እላለሁ፤ በዚያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ በሽተኛ ተጠይቆ፥ የተጣላ ታርቆ፥ የሰከረ ተመክሮ ከሆነ፥ በመንበሩ ላይ የሚፈጸመው ምሥጢር ፍሬውን በዚያ ቤት እየሰጠ ነበር።

ሕንጻ ሰውን በግድ እንደማይዝ መንደሪቱ በእነዚያው ዓመታት ተምራለች። ዳን ቴይለር የሚባል ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የወጣ ወጣት ሜቶዲስት፥ ስለ ሥርዓትና ስለ ጥምቀት ያለው አሳብ ስለ ተለወጠ ተለይቶ ወጥቶ፥ በአጠገቡ ባለው ኮረብታ የባፕቲስቶችን ጉባኤ መሠረተ፤ በኋላም በ1770 የዚያ ወገን ታላቅ አንድነት መሥራች ለመሆን በቃ። ከጣራው በታች የቀሩት ግን በዙ። በ1802 ቤቱ ስለ ጠበባቸው አንዱን ጫፍ አፍርሰው ጐንና ጐኑን አስረዘሙት፤ ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ስምንት ማዕዘን ጐኖቹ እኩል አይደሉም። የቅርጽ ጥበብ ወዳጅ በዚህ ያዝን ይሆናል። የሰው ብዛት ያጠበበውን ቤት፥ ከሮዘርሃም በፈረስ የመጣውን የተመጠነ ውበት ሳይሳሱለት ያሰፉት ሰዎች ግን ሕንጻው ለማን እንደ ተሠራ አልዘነጉም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የሜቶዲስቶች ታሪክ ሁሉ የሚያስመሰግን አይደለም። ከ1797 ጀምሮ ስለ ምእመናን ሥልጣን፥ ከ1811 ጀምሮም ስለ ሜዳ ስብከትና ስለ መነቃቃት ሥርዓት ተከፋፈሉ፤ በብዙ ትንንሽ ከተሞችም በአንድ ጐዳና ላይ ሁለትና ሦስት የሜቶዲስት ጸሎት ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሠሩት ከፍቅር ይልቅ ከፉክክር ነው። መቀመጫ ለከፋዩ ይከራይ ጀመር፤ ይህም ዌስሊ ሁሉም በአንድ ዐይነት አግዳሚ ላይ ይቀመጥ፥ ወንዱና ሴቱም በየወገኑ ይሁን ብሎ ከደነገገው ሥርዓት የራቀ ነበር። ሕንጻው እየተዋበ፥ የገንዘቡም ዕዳ በባለጸጎች እጅ እየተከፈለ በሄደ መጠን የክፍሉ ጉባኤ ቀስ በቀስ ደከመ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ብዙዎቹ እንደ አሮጌ ልማድ ይቈጥሩት ነበር። በመስከረም 1932 ሦስቱ ታላላቅ ወገኖች በለንደን አንድነታቸውን ባወጁ ጊዜ ተለያይተው የተሠሩት ቤቶች ትርፍ ሆነው ተገኙ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ተዘግተው ለመኖሪያ ቤትና ለመጋዘን ተሽጠዋል። ሕንጻ ሰዎችን እርስ በርስ ባለ ዕዳ ከማድረግ ይልቅ ባለ ኵራት ካደረጋቸው ዕድሜው ከኵራታቸው አያልፍም ማለት ነው።

በሄፕተንስቶል አሮጌው ቤተ ክርስቲያን በ1847 በተነሣው ዐውሎ ነፋስ ተመትቶ ክፉኛ ተጎድቷል። የመንደሩ ሰዎችም በዚያው ቅጥር ውስጥ በ1854 አዲስ ቤተ ክርስቲያን አቁመው፥ አሮጌውን ፍርስራሽ በአጠገቡ ተዉት፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይታያሉ። ዕድሜው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የነበረ ድንጋይ ሲወድቅ ሕዝቡ አልተበተነም፤ ዳግመኛ ወደ መሥራት ተመለሰ እንጂ። የሜቶዲስቶቹም ስምንት ማዕዘን እስከ ዘመናችን የአምልኮ ቤት ሆኖ ከዘለቁት የዚህ እምነት ቤቶች ከቀደምቶቹ መካከል ይቈጠራል።

አንድ አስተዋይ ሰው ግን እንዲህ ሲል ይቃወመኝ ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያንን ያጸናት ሰዎች በየሳምንቱ ፔኒ እያዋጡ መጠያየቃቸው ከሆነ፥ እንግዲያው ከዕድር በምን ትለያለች? ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ዕድርም ያዋጣል፥ ይጠይቃል፥ ያስተዛዝናል፥ የቀረውንም ይቀጣልና። ልዩነቱ በዕዳው ወሰን ላይ ነው። የዕድርተኛ ዕዳ የተቈጠረ ነው፤ ለከፈለው ይከፈልለታል፥ ላልከፈለው አይከፈልለትም፥ ይህም ፍትሕ እንጂ ነውር የለበትም። ካፒቴን ፎይ ግን ከማኅበሩ ድኾች የባሱትን መርጦ የማይከፍሉትን ሊከፍልላቸው ተቀበለ፤ ይህም በሒሳብ ሕግ የማይገለጽ ሥራ ነው። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ራሱ ሊከፍለው የማይችለው ምሕረት እንደ ተደረገለት የሚያምን ሰው ብቻ ነው፤ ለአምላኩ የሚከፍለው ስለ ሌለው ለባልንጀራው ይከፍላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ክርስቲያን ከዕዳ ሁሉ ነጻ ሲወጣ ከፍቅር ዕዳ ግን እንዳይወጣ ያዘዘው ይህን አይቶ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሰሎሞን በጸሎቱ የጠየቀው ጥያቄ ሁለት መልስ ሳይሆን አንድ መልስ አለው። አምላክ ቤት አያስፈልገውም፤ ቤት የሚያስፈልገው ለሰው ነው፤ ለሰውም የሚያስፈልገው ከዝናብ እንዲጠለልበት ወይም እንዲመካበት ሳይሆን፥ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ነገር ከሌሎች ጋር እንዲሸከምና በመሸከሙም ምክንያት ሌሎቹን እንዲያውቃቸው ነው። ጥቂት ምእመናን የቀሩባት የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤታችንን እንዝጋ ወይስ እናቆይ ብለው በሚመክሩበት ቀን፥ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው የጣራውን ማሳደሻ ሒሳብ ብቻ ዘርግተው ቢፈርዱ ፍርዳቸው ጎደሎ ይሆናል። ከዚያ በፊት ከመካከላችን በዚህ ሳምንት ማን ታሟል፥ ማን ጠይቆታል፥ ላልቻለውስ ማን ከፍሎለታል ብለው ይጠያየቁ። መልስ የሚገኝላቸው ከሆነ ጣራው ቢወድቅም ሌላ ይሠራሉ፤ መልስ የሚታጣ ከሆነ ግን ጣራው በወርቅ ቢለበጥም ቤቱ አስቀድሞ ተዘግቷል።